ሃርድ ዲስክና ሙቀት፦ ስንት ዲግሪ ይበቃል? ስንትስ ይበዛል?

ኮምፒውተር ለመግዛት ወደ መደብር የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፕሮሰሰሩ ፍጥነት፣ ስለ ሚሞሪው መጠንና ስለ ዋጋው ነው። ሃርድ ዲስኩን በሚመለከት ደግሞ ስንት ጊጋባይት ወይም ስንት ቴራባይት እንደሚይዝ ይጠይቃል። በስንት ዲግሪ ሙቀት መሥራት እንዳለበት የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ ከኮምፒውተር አካላት ሁሉ ቢጠፋ ምትክ የሌለው ሃርድ ዲስኩ፣ ይበልጥ በትክክል ለመናገር በላዩ የተጻፈው መረጃ ነው። ፕሮሰሰር ቢቃጠል ሌላ ይገዛል። የአራት ዓመት የምርምር ውጤት፣ የአንድ ጤና ጣቢያ የሕሙማን መዝገብ ወይም የአንድ ቤተሰብ የሠርግ ፎቶግራፍ ግን በገበያ አይገኝም።

ስለ ሃርድ ዲስክ ሙቀት ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች ሲነገሩ ይሰማል። አንደኛው «ዲስክ በቀዘቀዘ ቁጥር ዕድሜው ይረዝማል» የሚል ሲሆን፣ በዚህ መነሻነት አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች የሰርቨር ክፍላቸውን እስኪያንቀጠቅጥ ድረስ ያቀዘቅዛሉ። ሁለተኛው ደግሞ «አምራቹ እስከ 60 ዲግሪ ፈቅዷል፤ ስለዚህ እስከዚያ ድረስ የሚያሳስብ ነገር የለም» የሚል ነው። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን ተጠቃሚውን ላልተፈለገ ወጪ ወይም ላልተጠበቀ ጉዳት ሊዳርጉ ይችላሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከመሠረታዊ የፊዚክስ ሕግጋትና በብዙ ሺህ ዲስኮች ላይ ከተካሄዱ ጥናቶች በመነሣት፣ ትክክለኛው መጠን የት ላይ እንደሆነና በአነስተኛ ወጪ እንዴት እንደሚደረስበት ማሳየት ነው።

በሣጥኑ ውስጥ ያለው ማሽን

የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም. ራማክ ከተሰኘው ኮምፒውተሩ ጋር ያስተዋወቀው ነው። እያንዳንዳቸው 61 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው 50 ክብ ሳህኖች የነበሩት ሲሆን፣ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደላትን ብቻ ነበር። ዛሬ በአንድ እጅ የሚያዝ ሃርድ ዲስክ ከ20 ቴራባይት በላይ ይይዛል፤ ይህም የራማክን ይዞታ ከአራት ሚሊዮን ጊዜ በላይ ያጥፈዋል። የአሠራሩ መሠረተ ሐሳብ ግን አልተለወጠም። መግነጢሳዊ ሽፋን የተቀባ ሳህን ይሽከረከራል፤ በክንድ ጫፍ ላይ የተተከለ ጥቃቅን ራስ በሳህኑ ላይ እየተዘዋወረ ያነባል፤ ይጽፋልም።

በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገኝ የተለመደ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7,200 ጊዜ፣ ማለትም በሴኮንድ 120 ጊዜ ይዞራል። የሳህኑ ስፋት 9.5 ሴንቲ ሜትር በመሆኑ፣ ጠርዙ በሰዓት ወደ 130 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይጓዛል። ራሱ በዚህ ሁሉ ፍጥነት ሳህኑን አይነካውም። ሳህኑ ይዞት የሚዞረው አየር ከራሱ ሥር እየገባ እንደ ትራስ ያነሣዋል። በዛሬዎቹ ዲስኮች ላይ በሚጽፍበትና በሚያነብበት ጊዜ የራሱ ከፍታ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። የአንድ ወረቀት ውፍረት 100,000 ናኖሜትር ያህል መሆኑን ስናስታውስ፣ በራሱና በሳህኑ መካከል ያለው ክፍተት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ይታየናል። ሙቀት የሚያሳስበንም ይህን የመሰለ ረቂቅ ማሽን ስለያዝን ነው።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ሃርድ ዲስክ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል መጨረሻው ሙቀት ነው። ይህ ከኃይል አለመጥፋት ሕግ የሚገኝ ቀጥተኛ ድምዳሜ ነው። መኪና ኮረብታ ሲወጣ ከነዳጁ የተወሰነው ኃይል በከፍታው ውስጥ ይቀመጣል፤ ዲስክ ግን በቦታው ሆኖ ስለሚዞር የሚያከማቸው ነገር የለም። በሥራ ላይ ያለ የዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ በአብዛኛው ከ6 እስከ 10 ዋት ይወስዳል። የላፕቶፕ ዲስክ ደግሞ 2 ዋት ያህል ይበቃዋል።

የዚህ ሙቀት ምንጮች በዋናነት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሳህኖቹን የሚያሽከረክረው ሞተርና ሳህኖቹ ከአየር ጋር የሚያደርጉት ሰበቃ ነው። ሁለተኛው ክንዱን ወዲያና ወዲህ የሚወረውረው ጥቅል ሽቦ ነው። ሦስተኛው ከሥር የተለጠፈው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የአየር ሰበቃው ልዩ ትኩረት ይሻል፤ ምክንያቱም ከፍጥነት ጋር በእኩል መጠን አያድግም። የሚባክነው ኃይል ከዙር ፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ተቀራራቢ በሆነ መጠን ይጨምራል። በመሆኑም ተመሳሳይ ሳህን በደቂቃ ከ5,400 ዙር ወደ 7,200 ዙር ሲሸጋገር ፍጥነቱ የጨመረው በሲሶ ብቻ ቢሆንም፣ በአየር ሰበቃ የሚፈጠረው ሙቀት ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ዝግ ብለው የሚዞሩ ዲስኮች ቀዝቀዝ ብለው የሚገኙበት ምሥጢር ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበያ የቀረቡት ሂሊየም የተሞሉ ዲስኮችም መነሻቸው ይህ ነበር። የሂሊየም እፍጋት የአየር አንድ ሰባተኛ ያህል ስለሆነ ሰበቃው በእጅጉ ይቀንሳል።

ሙቀት ምን ይጎዳል?

ብዙ ሰው ሙቀት ሲባል ወዲያው የሚታየው የተጻፈው መረጃ «ቀልጦ» መጥፋቱ ነው። በርግጥ መግነጢሳዊ ጽሑፍ በሙቀት ሊፋቅ ይችላል። እያንዳንዱ መግነጢሳዊ ቅንጣት አቅጣጫውን እንዳይለውጥ የሚያግደው የኃይል ግድብ አለ፤ ሙቀት ደግሞ ቅንጣቱን ያለማቋረጥ ያናውጠዋል። የዲስክ ንድፍ አውጪዎች ግድቡ በተለመደው የክፍል ሙቀት ከሚፈጠረው ንውጥውጥታ 60 ጊዜ ያህል እንዲበልጥ ያደርጋሉ። ዲስኩ ከ27 ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅ፣ በኬልቪን ሲሰላ ለውጡ ከ300 ወደ 333 ነው፤ ስለዚህ 60 የነበረው ንጽጽር ወደ 54 ዝቅ ይላል። ይህ ለውጥ ትንሽ ቢመስልም የቅንጣቱን የመገልበጥ ዕድል አራት መቶ ጊዜ ያህል ያሳድገዋል። ያም ሆኖ ለአማካይ ቅንጣት የሚጠበቀው የመቆያ ዘመን ገና በሚሊዮኖች ዓመታት የሚቆጠር ነው። እንግዲያው በተፈቀደው ክልል ውስጥ ሙቀት በቀጥታ የሚያጠቃው የተጻፈውን መረጃ ሳይሆን መረጃውን የሚያነበውን ማሽን ነው።

ማሽኑ በብዙ መንገድ ይጠቃል። አንደኛው የብረታ ብረት መለጠጥ ነው። አሉሚኒየም አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን እጅ 23 እጅ ይረዝማል። ከመካከሉ እስከ ጠርዙ 4.75 ሴንቲ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ሳህን በ20 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ጠርዙ ወደ ውጭ 22 ማይክሮሜትር ያህል ይገፋል። በዛሬዎቹ ዲስኮች ላይ በሁለት ጎረቤት የመረጃ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት ከ100 ናኖሜትር ያነሰ ስለሆነ፣ ሳህኑ ቀዝቃዛ በነበረበት ጊዜ የተጻፈ መስመር ከሁለት መቶ መስመሮች በላይ ቦታውን ለቅቆ ይገኛል ማለት ነው። ክንዱም አብሮ ስለሚረዝም ከመዛነፉ የተወሰነው ይካካሳል። የቀረውን ደግሞ በሳህኑ ላይ የተጻፉ የአቅጣጫ ምልክቶችን እያነበበ ራሱን የሚያርም የቁጥጥር ሥርዓት ያስተካክለዋል። ይህ ሥርዓት ሙቀቱ ቀስ በቀስ ሲለወጥ በሚገባ ይከተለዋል። በድንገት ሲለዋወጥ ግን ሥራው ይበዛበታል። ብዙ አምራቾች የሙቀት ለውጡ በሰዓት ከ20 ዲግሪ እንዳይበልጥ የሚያሳስቡት ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው የቅባት ጉዳይ ነው። የሞተሩ ኩሺኔታ በቀጭን የዘይት ንብርብር ላይ ይዞራል፤ በሳህኑም ገጽ ላይ ከሁለት ናኖሜትር የማይበልጥ ቅባት አለ። ሙቀት ሲበዛ ዘይቱ ይቀጥናል፤ ይተንናልም። ቅዝቃዜ ሲበዛ ደግሞ ይወፍራል፤ ሞተሩም ለመነሣት ይቸገራል። ሦስተኛው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ነው። ስዊድናዊው ሳይንቲስት ስቫንቴ አርኼኒየስ እ.ኤ.አ. በ1889 ዓ.ም. የኬሚካዊ ለውጦች ፍጥነት ከሙቀት ጋር እንዴት እንደሚያድግ የሚገልጽ ቀመር አቅርቦ ነበር። መሐንዲሶች ይህን ቀመር በማቅለል «ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የዕቃው ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል» የሚል ደንብ አወጡ። ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ደንቡ ጠቃሚ ግምት ነው። ይሁንና ሃርድ ዲስክ ኤሌክትሮኒክስ ብቻ ስላልሆነ፣ ደንቡ ለእርሱ መሥራቱ በቀመር ሳይሆን በመለኪያ መረጋገጥ ነበረበት።

በብዙ ሺህ ዲስኮች ላይ የታየው ውጤት

መለኪያው የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ነው። የጉግል ኩባንያ ባልደረቦች የሆኑት ኤድዋርዶ ፒኔይሮ፣ ቮልፍ ዲትሪክ ቬበርና ሉዊስ አንድሬ ባሮሶ ከአንድ መቶ ሺህ በላይ በሆኑ ዲስኮች ላይ የተሰበሰበ መረጃ ይፋ አደረጉ። ዲስኮቹ ማንም ሰው ከገበያ ሊገዛቸው የሚችላቸው ዓይነት ሲሆኑ፣ ይዞታቸው ከ80 እስከ 400 ጊጋባይት፣ ፍጥነታቸውም በደቂቃ ከ5,400 እስከ 7,200 ዙር ነበር። ውጤቱ ብዙዎችን አስገርሟል። አማካይ ሙቀታቸው መጠነኛ በሆነ ዲስኮች መካከል ሙቀት በጨመረ መጠን ብልሽት ሲጨምር አልታየም። እንዲያውም ዝቅተኛ ሙቀት ላይ የነበሩት ዲስኮች ከፍ ያለ የብልሽት መጠን አሳዩ። ሙቀት ጎጂ ሆኖ የታየው በከፍተኛው የሙቀት ክልል፣ በተለይም ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ባገለገሉና ከ45 ዲግሪ በላይ በሚሠሩ ዲስኮች ላይ ነበር።

ይህን ውጤት «ቅዝቃዜ ዲስክን ይገድላል» ብሎ መተርጎም ተገቢ አይደለም። ጥናቱ ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸውን እንጂ አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን አላረጋገጠም። ከዚያ በኋላ የወጡ ጥናቶችም በአንድ ድምፅ አልተናገሩም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. የቀረበው ጥናት የሙቀት ተጽዕኖ ከተገመተው ያነሰ መሆኑን፣ ከአማካይ ሙቀቱ ይልቅም የሙቀት መዋዠቅ ከንባብ ስሕተቶች ጋር የጠበቀ ዝምድና እንዳለው አመለከተ። በሌላ በኩል የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት በሰርቨር ሣጥን ውስጥ ሞቃት ቦታ ላይ የተቀመጡ ዲስኮች ይበልጥ እንደሚበላሹ፣ የመዋዠቁ ተጽዕኖ ግን ጎልቶ እንዳልታየ አስረዱ። ልዩነቱ የሚያስደንቅ አይደለም። የዲስኮቹ ሞዴል፣ ዕድሜ፣ የሥራ ጫናና የተለካው የሙቀት ክልል ከጥናት ጥናት ይለያያል።

ጥናቶቹን አንድ ላይ ስናያቸው ግን ለተግባር የሚበቃ መደምደሚያ ላይ እንደርሳለን። ከ25 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ዲስኩን ይበልጥ ለማቀዝቀዝ ገንዘብ ማውጣት የሚታይ ጥቅም አያስገኝም። ከ45 ዲግሪ በላይ፣ በተለይም ላረጀ ዲስክ፣ ማቀዝቀዝ ዋጋ አለው። አምራቾች በሥራ ላይ የሚፈቅዱት ክልል በአብዛኛው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ቢሆንም፣ 60 ዲግሪ የመጨረሻው ድንበር እንጂ የዘወትር መኖሪያ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ማራገቢያ ምን ያህል ይረዳል?

አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። የተለመደው የዴስክቶፕ ዲስክ 147 በ102 በ26 ሚሊ ሜትር ነው፤ የስድስቱ ገጾች ጠቅላላ ስፋት 0.043 ሜትር ካሬ ይሆናል። በረጋ አየር ውስጥ አንድ ካሬ ሜትር ገጽ፣ በአየርና በጨረር አማካይነት፣ ከአካባቢው በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 10 ዋት ያህል ይሰጣል። ስለዚህ 8 ዋት የሚያመነጭ ዲስክ ከከበበው አየር በ19 ዲግሪ ያህል እስኪሞቅ ድረስ ሙቀቱ ይጨምራል። ክፍሉ 25 ዲግሪ፣ በኮምፒውተሩ ሣጥን ውስጥ ያለው አየር ደግሞ 33 ዲግሪ ቢሆን፣ ዲስኩ 52 ዲግሪ ላይ ይረጋል ማለት ነው።

አሁን ዝግ ብላ የምትዞር አንዲት ማራገቢያ በዲስኩ ፊት እናስቀምጥ። የሙቀት ማስተላለፉ መጠን በእጥፍ ቢያድግ የ19 ዲግሪው ልዩነት ወደ 9 ይወርዳል፤ ዲስኩም ወደ 42 ዲግሪ ይመለሳል። ማራገቢያዋን ጉልበተኛ በሆነ ተክተን የማስተላለፉን መጠን እንደገና በእጥፍ ብናሳድገው ግን ተጨማሪው ትርፍ 5 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። የመጀመሪያው ነፋስ ብዙ ይጠቅማል፤ ተከታዩ ጥቅሙ እያነሰ ጫጫታው እየበዛ ይሄዳል። ከዚህ ሌላ የቦታ አቀማመጥም ወሳኝ ነው። ሁለቱ ሰፋፊ ገጾች ከጠቅላላው ገጽ 70 በመቶውን ይይዛሉ። አንድ ዲስክ በሌሎች ሁለት ዲስኮች መካከል ተጣብቆ ከተቀመጠ ይህ ሁሉ ገጽ ይዘጋበታል። በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት መተው ዋጋ የማይጠይቅ ማቀዝቀዣ ነው።

ስሌቱ ለሰርቨር ክፍሎችም ይሠራል። በምሕጻሩ አሽሬ የሚባለው የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማስተካከያ መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. ወደ ሰርቨሮች የሚገባው አየር ከ20 እስከ 25 ዲግሪ እንዲሆን ይመክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ግን ክልሉን ከ18 ወደ 27 ዲግሪ አሰፋው። ክፍልን ወደ 18 ዲግሪ ለማውረድ ኤር ኮንዲሽነሩን ሌት ተቀን ማስጮህ የዲስኮቹን ዕድሜ ስለማራዘሙ ማስረጃ ሳይኖር የኤሌክትሪክ ክፍያውን ማናር ነው። በዚህ ገንዘብ የመጠባበቂያ ዲስክ መግዛት ይቻላል።

የከፍታው ጉዳይ

የአምራቾችን መግለጫ በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው ከሙቀቱ ቀጥሎ ሌላ ቁጥር ያገኛል፤ ይኸውም ዲስኩ የሚሠራበት የመጨረሻ ከፍታ ነው። በአየር ለሚሠሩ ዲስኮች የተለመደው ወሰን 3,048 ሜትር፣ ማለትም 10,000 ጫማ ነው። ለቆላማ አገሮች ይህ ቁጥር ትርጉም የለውም። ለእኛ ግን አለው።

ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ በሆነችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 75 በመቶ ያህል ነው። ክፍሉ 20 ዲግሪ ቢሆን፣ በባሕር ጠለል 1.2 ኪሎ ግራም የሚመዝነው አንድ ሜትር ኩብ አየር በአዲስ አበባ 0.9 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል። ማራገቢያ የሚያንቀሳቅሰው ይዘትን እንጂ ክብደትን ስላልሆነ፣ ተመሳሳይ ፍጥነት ያለው ማራገቢያ እዚህ የሚያሳልፈው የአየር ክብደት በሩብ ያነሰ ነው። በመሆኑም በባሕር ጠለል በሣጥኑ ውስጥ ሲያልፍ በ10 ዲግሪ የሚሞቀው አየር በአዲስ አበባ በ13 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። የከተማይቱ ለስላሳ የአየር ጠባይ ይህን ጉድለት ከበቂ በላይ ይክሳል። ነገር ግን መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ብዙ ሰርቨሮችን የሚደረድር ባለሙያ ይህን የሦስት ዲግሪ ልዩነት በስሌቱ ውስጥ ማስገባት አለበት። ከፍታዋ 1,200 ሜትር ገደማ የሆነችው ድሬዳዋ በአንጻሩ አየሯ ወፍራም ቢሆንም ሞቃት ስለሆነ፣ ማራገቢያው የሚያመጣው አየር አስቀድሞ የሞቀ ነው።

ከፍታ የራሱን አየር ትራስም ያሳሳዋል። የአየር ሞለኪውል ከሌላው ጋር ሳይጋጭ የሚጓዘው አማካይ ርቀት በባሕር ጠለል 68 ናኖሜትር ያህል ሲሆን በአዲስ አበባ ወደ 90 ናኖሜትር ያድጋል። ትራሱ በሳሳ መጠን ራሱ ወደ ሳህኑ ይቀርባል። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ደብረ ብርሃን በወሰኑ ውስጥ ናት፤ በሰሜን ተራሮች ያሉ አንዳንድ ስፍራዎች ግን ወሰኑን ያልፋሉ። የዚህ ነገር ጎላ ያለ ምሳሌ በቺሊ በረሃ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው አልማ የተባለው የራዲዮ ቴሌስኮፕ ነው። የአንቴናዎቹን መረጃ የሚያቀናብረው ግዙፍ ኮምፒውተር 140 ኪሎ ዋት ያህል ኃይል ሲወስድ፣ በቀጭኑ አየር ምክንያት ከተለመደው እጥፍ የሆነ የአየር ፍሰት ያስፈልገዋል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክም በዚያ ከፍታ ጥቅም ላይ አይውልም። ታሽገው የተሠሩት የሂሊየም ዲስኮች የራሳቸውን ጋዝ ይዘው ስለሚዞሩ ራሱን በሚመለከት ከዚህ ችግር ነጻ ናቸው፤ ከውጭ የሚያቀዘቅዛቸው ግን ያው የአካባቢው አየር ነው።

ተጠቃሚው ምን ያድርግ?

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፣ አብዛኛው ጥንቃቄ ርካሽና ቀላል ነው። በመጀመሪያ ሙቀቱን መለካት ያስፈልጋል። ዘመናዊ ሃርድ ዲስኮች ሁሉ ስማርት የተባለ ራስን የመከታተያ ሥርዓት አላቸው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን የመሰሉ በነጻ የሚገኙ ፕሮግራሞች ይህን ያነብባሉ። ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ በ194 ቁጥር ይመዘገባል። መለካት የሚገባው ኮምፒውተሩ እንደ ተከፈተ ሳይሆን፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ከባድ ሥራ ከሠራ በኋላ በቀኑ ሞቃት ክፍል ነው። ንባቡ ከ40 ዲግሪ በታች ከሆነ ምንም ማድረግ አያስፈልግም። ከ40 እስከ 50 ከሆነ የአየር መተላለፊያውን መመርመር ይገባል። ከ50 በላይ ከሆነ ማራገቢያ መጨመር ወይም ዲስኩን ቦታ ማስቀየር ግድ ነው። 60 ዲግሪ ከደረሰ ሥራውን አቁሞ ማጥፋት ይመረጣል።

አቧራን ለመከላከል ተብሎ ኮምፒውተርን በጨርቅ ወይም በፕላስቲክ መሸፈን በብዙ ቢሮዎች የተለመደ ነው። ሽፋኑ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ጥሩ ነው፤ እየሠራ ሳለ ግን ማራገቢያውን ያፍነዋል። በሣጥኑ ውስጥ የተከማቸውን አቧራ በየጥቂት ወሩ ማጽዳት ከአዲስ ማራገቢያ የማይተናነስ ጥቅም ይሰጣል። በዲስኩ ክዳን ላይ ያለችው ትንሽ የመተንፈሻ ቀዳዳ ግን መደፈን የለባትም፤ የውስጡንና የውጪውን ግፊት የምታስተካክለው እርስዋ ናት። በገመድ የሚገናኙ ተንቀሳቃሽ ዲስኮች በፕላስቲክ የታሸጉና ማራገቢያ የሌላቸው በመሆናቸው፣ ረጅም ቅጂ በሚካሄድበት ጊዜ በአልጋ ልብስ ወይም በጋቢ ላይ ሳይሆን በጠንካራና ክፍት ገጽ ላይ ይቀመጡ። ዲስክ ጠፍቶ ሳለ የሚፈቀደው የመጨረሻ ሙቀት በአብዛኛው 70 ዲግሪ ስለሆነ፣ በፀሐይ በተመታ መኪና ውስጥ ማስቀረትም አይገባም። ከብርድ ወደ ሞቃትና እርጥብ ስፍራ የገባ ዲስክ ደግሞ ጤዛ ሊቋጥር ስለሚችል፣ ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪስተካከል ሳይከፈት ሰዓታት ይቆይ። የተበላሸን ዲስክ ፍሪጅ ውስጥ አስገብቶ ለማዳን መሞከር የሚያስከትለው ጉዳት ይኸው ጤዛ ነው።

የሚሽከረከር አካል በሌለው ኤስኤስዲ የተተካ ኮምፒውተር ያለው አንባቢ ከሙቀት ጉዳይ ነጻ እንደወጣ ሊያስብ ይችላል። ኤስኤስዲ መረጃን የሚይዘው በታሰረ የኤሌክትሪክ ሙል ነው፤ ይህም ሙል በሙቀት ቶሎ ይፈስሳል። የዘርፉ የደረጃዎች ተቋም ጄዴክ ባወጣው መመዘኛ መሠረት፣ የመጻፍ ዕድሜውን የጨረሰ የግል መገልገያ ኤስኤስዲ ኃይል ሳያገኝ በ30 ዲግሪ ሙቀት መረጃውን ለአንድ ዓመት እንዲጠብቅ ነው የሚፈለገው። ስለሆነም ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ መረጃን በአሮጌ ኤስኤስዲ ላይ ጽፎ በሞቃት መጋዘን መርሳት አይመከርም።

ቀዝቃዛ ዲስክም ይሞታል

ከላይ የጠቀስነው የጉግል ጥናት ከሙቀቱ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ውጤት ነበረው። የንባብ ስሕተት ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበበት ዲስክ በተከታዮቹ 60 ቀናት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ ስሕተት ካልታየበት በ39 ጊዜ ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ምልክት ያየ ሰው በዚያው ዕለት መረጃውን መገልበጥ ይኖርበታል። ነገር ግን ከተበላሹት ዲስኮች ከ36 በመቶ የሚበልጡት ከሙቀት በስተቀር በማናቸውም የስማርት መለኪያ ላይ አንዳች ምልክት ሳያሳዩ ነው የተሰናበቱት። በዚያው ዓመት ቢያንካ ሽሮደርና ጋርዝ ጊብሰን ከካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ጥናት ደግሞ አምራቾች ከሚያስተዋውቁት የአንድ ሚሊዮን ሰዓትና ከዚያ በላይ አማካይ ዕድሜ በዓመት ከ0.88 በመቶ የማይበልጥ ብልሽት ሊጠበቅ ሲገባ፣ በተግባር የታየው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ፣ በአንዳንድ ቦታም እስከ 13 በመቶ መሆኑን አሳይቷል።

የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። አንድ የትምህርት ክፍል 50 ኮምፒውተሮች ቢኖሩት፣ ሁሉም በ35 ዲግሪ እየሠሩ እንኳ በየዓመቱ አንድ ወይም ሁለት ዲስክ ይሞታል ብሎ መጠበቅ ይኖርበታል። የትኛው እንደሚሆን ማንም አያውቅም። ሙቀትን መቆጣጠር የብልሽቱን ዕድል ይቀንሳል፤ የጠፋን መረጃ ግን አይመልስም። የሚመልሰው በሌላ ዲስክ ላይ፣ ቢቻል በሌላ ሕንፃ ውስጥ የተቀመጠ ሁለተኛ ቅጂ ብቻ ነው።

በአጠቃላይ ሃርድ ዲስክ ብርድ ሳይሆን መጠነኛና የረጋ ሙቀት፣ እንዲሁም ጥቂት ነፋስ የሚፈልግ ማሽን ነው። ይህን ለማሟላት ከአንዲት ትንሽ ማራገቢያ፣ ከአንድ ብሩሽና ከነጻ ፕሮግራም የበለጠ አያስፈልግም። የመመረቂያ ጽሑፉን በመጻፍ ላይ ያለ ተማሪም ሆነ የሰርቨር ክፍል በኃላፊነት የተረከበ ባለሙያ በዚህ ሳምንት የዲስኩን ሙቀት ይመልከት። ከ45 በታች ካገኘው ማቀዝቀዙን ይተወውና፣ የቀረውን ጊዜና ገንዘብ ሁለተኛውን ቅጂ ለማዘጋጀት ያውለው።